ኢናልቺ፦ ነብሩን ከተራራ ያወረደው የኮሪያ ባንድ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ ዘፈናቸውን ለወዳጆቼ አሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላቆመም። ያንኑ መልስ ስደጋግም ሰለቸኝ፤ ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኮሪያ ስሞችን ደግሞ ለጆሮዬ እንደመጡልኝ በፊደላችን አስፍሬአቸዋለሁ።

ኢናልቺ የሰው ስም ነው ወይስ የባንድ?

የሁለቱም ነው። ባንዱ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በ2019 ተመሠረተ። ሰውየው ግን ከ1820 እስከ 1892 የኖረ ስመ ጥር ዘፋኝ ነው። የእናት አባት ስሙ ሊ ግዮንግሱክ ነበር። ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት ገመድ ላይ እየተራመደ ትርዒት የሚያሳይ ሰው ነበር። ገመዱ ላይ ካለው ቅልጥፍና የተነሳ ነው "ናልቺ" የሚለው ቅጽል የወጣለት ይባላል። ስለ ወፎች የሚዘፈን አንድ የቆየ ዘፈን አለ። እሱ ይህንን ሲዘፍን እውነተኛ ወፎች እየበረሩ ይመጡ ነበር ተብሎም ይወራለታል።

ባንዱ ይህን ስም ማውጣቱ ደስ ይለኛል። ገመድ ላይ የሚሄድ ሰው ወደ ግራ ትንሽ ካዘነበለ አለቀለት፣ ወደ ቀኝም እንደዚያው።

አባላቱ እነማን ናቸው?

ሲጀምሩ ሰባት ነበሩ። አራቱ ዘፋኞች ናቸው፦ አን ኢሆ፣ ክዎን ሶንግሂ፣ ሊ ናሬ እና ሺን ዩጂን። አን ኢሆ ወንድ ነው፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ቤዝ ጊታር የሚጫወቱት ጃንግ ዮንግግዩ እና ጆንግ ጁንግዮፕ ናቸው። ሊ ቾልሂ ደግሞ ድራም ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ የወጣም የገባም አለ። እኔ እዚህ የማወራው ስማቸውን ስላስጠራው የመጀመሪያው ስብስብ ነው።

ከጀርባ ሆኖ ነገሩን የሚያበስለው ጃንግ ዮንግግዩ ነው። የኮሪያ ፊልም የምታዩ ከሆነ ሳታውቁት ሥራውን ሰምታችኋል። ባቡር ውስጥ ዞምቢዎች የሚተራመሱበትን የ2016ቱን "ትሬን ቱ ቡሳን" ፊልም ሙዚቃ የሠራው እሱ ነው።

ፓንሶሪ ምንድን ነው?

የባንዱ ዘፈኖች የሚቀዱበት የቆየ የኮሪያ በዜማ የሚተረክ ታሪክ ነው። "ፓን" ሰው የሚሰበሰብበት ሜዳ ማለት ነው፤ "ሶሪ" ደግሞ ድምፅ። አንድ ዘፋኝና አንድ ከበሮ መቺ፣ በቃ ሌላ ሰው የለም። ዘፋኙ ማራገቢያ ይዞ ይቆማል። ከበሮ መቺው፣ "ጎሱ" ነው የሚባለው፣ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ዘፋኙ አንድ ረጅም ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻውን ይዘልቀዋል። ንጉሡም እሱ ነው፣ ሴትዮዋም እሱ ነው፣ አህያውም እሱ ነው። አንዱን ታሪክ ሙሉውን ልዝፈን ካለ እስከ ስምንት ሰዓት ሊወስድበት ይችላል።

መዝፈን ብቻም አይደለም። መሀል ላይ ዜማውን ያቆምና እንደ ተረት ነጋሪ ያወራል፤ ይህ ክፍል "አኒሪ" ይባላል። ትንፋሹን የሚሰበስበውም፣ ቀልድ የሚጥለውም እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ከበሮው "ቱንግ!" ይላል፣ ዘፈኑ ይቀጥላል።

እኛ ሀገር ቅርቡ ነገር አዝማሪ ነው፤ ግን አንድ አይደሉም። አዝማሪ ፊትህን አይቶ እዚያው ግጥም ይገጥምልሃል። የፓንሶሪ ዘፋኝ ግን ከመምህሩ በቃል የወረሰውን ታሪክ ነው የሚያወርደው። የሚመሳሰሉት አድማጩ ላይ ነው። በሁለቱም ቤት ዝም ብሎ ተቀምጦ መስማት ነውር ነው። ኮሪያውያን ዘፋኙ ስንኙን ሲዘጋ "ኦልሲጉ!"፣ "ጆታ!"፣ "ጃል ሃንዳ!" እያሉ ይጮኻሉ። እኛ "እሰይ!"፣ "ይበል!"፣ "ጎበዝ!" እንደምንለው ማለት ነው። ለዚህ አጃቢ ጩኸት "ቹይምሴ" የሚል ስም አላቸው። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ከበሮ መቺው ነው። "አንደኛ ጎሱ፣ ሁለተኛ ዘፋኝ" የሚል አባባልም አላቸው። ጥሩ አድማጭንም ይሾሙታል፤ ራሱ ባይዘፍንም "የጆሮ ሊቅ ዘፋኝ" ይሉታል።

ጥበቡ የተወለደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኮሪያ ደቡብ ምዕራብ በኩል እንደሆነ ይነገራል። ድሮ አሥራ ሁለት ታሪኮች ነበሩ፤ ሙሉ ሆነው ለዛሬ የደረሱት አምስት ናቸው። ዩኔስኮ በ2003 የሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰስ ቅርስ ድንቅ ሥራ ብሎ አውጆታል።

ድምፃቸው ለምን ይሻክራል? ታመዋል እንዴ?

ይህን የጠየቀኝ አጎቴ ነው። "ሰውዬው እያለቀሰ ነው ወይስ ጉንፋን ይዞታል?" አለኝ። ሁለቱም አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ድምፅ ነው።

ፓንሶሪ ውስጥ እንደ ማር የሚፈስ ለስላሳ ድምፅ ብዙም አይፈለግም። የሚፈለገው ጎርናና፣ ትንሽ የተሰነጠቀ፣ ኑሮ የገባበት ድምፅ ነው። ለዚህ ሲባል ዘፋኞች ተራራ ወጥተው፣ ፏፏቴ ሥር ቆመው፣ ድምፃቸው ውኃውን አሸንፎ እስኪሰማ ድረስ ይለማመዳሉ። የድሮዎቹማ ደም እስኪተፉ ይዘፍኑ ነበር ይባላል። ይህን በቤታችሁ አትሞክሩት።

ሌላም ነገር አለ። ሐዘን ባለበት የፓንሶሪ ስልት ውስጥ ዋነኞቹ ድምፆች ሦስት ናቸው። የታችኛውን በደንብ ያንቀጠቅጡታል። የመሀሉን ቀጥ አድርገው ይይዙታል። የላይኛውን ደግሞ ሰብረው ወደ ታች ያወርዱታል። ትዝታ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ይህ ብዙ አይጨንቀንም። እኛም ጥቂት ድምፅ ይዘን ሥራውን በመሀላቸው ነው የምንሠራው።

ያ የሚደጋገመው ዘፈን ስለምንድን ነው?

እሺ፣ ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። የምወደው እሱን ነው።

ዘፈኑ "ቦም ኔሪዮ ኦንዳ" ይባላል፤ "ነብር እየወረደ ነው" ማለት ነው። የተወሰደው ከአምስቱ ታሪኮች አንዱ ከሆነው ከ"ሱጉንግጋ" ነው፤ የባሕር ሥር ቤተ መንግሥት ዘፈን እንደማለት። ታሪኩ እንዲህ ነው። የባሕሩ ዘንዶ ንጉሥ ይታመማል። የሚያድነው የጥንቸል ጉበት ብቻ ነው ይባላል። ከባሕር ወጥቶ ጥንቸል ፍለጋ ማን ይሂድ? ባለሥልጣኖቹ ሁሉ ዓሦች ናቸው፤ ይተያያሉ። በመጨረሻ ኤሊ "እኔ እሄዳለሁ" ይላል። ጥንቸል አይቶ ስለማያውቅ ሥዕሏን ይሰጡታል።

ኤሊው ያን ሁሉ ባሕር በአገጩ እየገፋ ይዋኛል። የብስ ሲደርስ አገጩ ደንዝዞ ድርቅ ብሏል። ሩቅ ላይ ጥንቸሏን የምትመስል ነገር ያያል። በአክብሮት ሊጠራት ይፈልጋል። "ሴንግዎን" የድሮ የተማረ ሰው ማዕረግ ነው፤ ጥንቸል በማዕረግ ስትጠራ "ቶ ሴንግዎን" ነው የምትባለው። የደነዘዘው አገጭ ግን "ቶ" ማለት አቃተው። "ሆ ሴንግዎን!" ብሎ ተጣራ። "ሆ" ደግሞ ነብር ነው።

ተራራው ላይ የተኛ ነብር ይህን ሰማ። ዕድሜውን በሙሉ ሰው ሲያየው ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ድንጋይ ይወረውራል። "ክቡር ነብር ሆይ" ብሎ የጠራው ግን አንድም ፍጡር የለም። በደስታ ሰክሮ ቁልቁል ወረደ። ዘፈኑ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ግጥሙ የነብሩን አወራረድ በዝርዝር ይስላል። ጥልቅ ከሆነ የጥድ ሸለቆ ብቅ ይላል። ጭንቅላቱን ያወዛውዛል። ገላው ዝንጉርጉር ነው፤ ጭራው ከተዘረጉ ሁለት እጆች ርዝመት በላይ ነው። እግሮቹን ከቀስት ሰገባ፣ ጥፍሮቹን ከብረት ማጭድ ጋር ያመሳስላቸዋል። ቀይ አፉን ከፍቶ ሲያገሳ ሰማይ የተደረመሰ፣ ምድር የሰመጠች ይመስላል። ኤሊው? አንገቱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ መሬት ላይ ልጥፍ።

እንግዲህ ሰዎች ክለብ ውስጥ እየዘለሉ የሚጨፍሩት በአንዲት ፊደል ስህተት ነው። የባንዱን ጭፈራ የሚሰማ ሰው ነብሩ ሊበላ የሚመጣ ይመስለዋል። ነብሩ ግን የሚመጣው ስለተከበረ ነው።

(ጥንቸሏ ምን ሆነች ለምትሉ፦ ኋላ ተታልላ ባሕር ሥር ትገባለች። እዚያ "ጉበቴን እኮ ቤት ትቼው መጣሁ፣ ሄጄ ላምጣው" ትላቸዋለች። ያምኗታል! የብስ ስትደርስ ትፈተለካለች።)

ነብር ወይስ ታይገር?

ልክ ናችሁ፣ ታይገር ነው፤ ባለ ሽንትሩ። አማርኛችን ነብር የሚለው ባለ ነጠብጣቡን ስለሆነ ግራ ያጋባል። የሚገርመው ኮሪያውያንም ባለ ነጠብጣቡን "ፕዮቦም" ይሉታል፤ ቦም ውስጡ አለች። ስለዚህ ነብር ብዬ ቀጥያለሁ፤ አትፍረዱብኝ።

ሙዚቃው ውስጥ ጊታር የለም እንዴ? ለምን ሁለት ቤዝ?

የለም። ኪቦርድ አይሰማም፣ ባህላዊ መሣሪያም የለም። ዘፋኞቹ ሲያቆሙ የምትሰሙት ሁለት ቤዝና አንድ ድራም ነው። የባንዱ ብልሃት በሙሉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ብዙ "ባህላዊና ዘመናዊ ቅልቅል" ሰምቻለሁ። አብዛኛው የሚሠራው በመደረብ ነው። ባህላዊው ዘፈን ላይ ኪቦርድ ይጫናል፣ ቫዮሊን ይጨመራል፣ ዘፋኙም ድምፁን ያለሳልሳል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይጠፋሉ። ኢናልቺዎች የሄዱት በተቃራኒው ነው። ፓንሶሪ ድሮም ያለው ድምፅና ምት ብቻ ነው። እነሱም ድምፅና ምት ብቻ አስቀሩ። የአንዱን ከበሮ ቦታ ቤዞቹና ድራሙ ወሰዱት። ላይኛው ክፍል ባዶ ስለሆነ ያ ሻካራ ድምፅ እንደ ልቡ ይናኝበታል።

ዘፋኞቹም የተማሩትን አልተዉም። ለፖፕ ሲሉ አላለሰለሱትም። የተለወጠው አንድ የነበረው ዘፋኝ አራት መሆኑ ነው፤ እየተቀባበሉ፣ እየተነጣጠቁ፣ አንዳንዴም አንድ ላይ ይጮኻሉ። ደግሞ ምቱ። የነብሩ ክፍል በጥንቱ አዘፋፈን የሚመታው "ኦንሞሪ" በሚባል ስልት ነው። አሥር ምት ነው፤ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት እየተባለ የሚቆጠር። አንካሳ ምት ነው፤ እግር ይፈልገዋል፣ አያገኘውም። አስፈሪ ወይም እንግዳ የሆነ ፍጡር ሲመጣ ይሄዳል። ባንዱ ይህንን አቅንቶ እግር ወደሚያውቀው የዳንስ ምት አምጥቶታል። እዚህ ላይ የጠፋ ነገር አለ፤ አልክድም። ጥንቱን ከሰማችሁ በኋላ የባንዱ ነብር ትንሽ የተገራ ይመስላል።

ኮሪያውያን ግጥሙን ይረዱታል?

በከፊል። ቋንቋው የድሮ ነው፤ በቻይና ፊደል የመጡ ቃላት ሞልተውበታል። የዛሬ ወጣት ማብራሪያ ካልተሰጠው ብዙው ያመልጠዋል። እኛ ያረጀ ቅኔ ስንሰማ ዜማው ይዞን ቃሉ እንደሚያመልጠን ነው። ስለዚህ ኮሪያኛ አልችልም ብላችሁ አትፈሩ።

እንዴት እንዲህ ታወቁ?

ነገሩ የጀመረው ቲያትር ቤት ነው። በ2018 በዚሁ በባሕር ሥር ታሪክ ላይ የተሠራ የሙዚቃ ትርዒት ነበር፤ ጃንግና ዘፋኞቹ እዚያ ተገናኙ። ትርዒቱ ሲያልቅ መለያየት አልፈለጉም። በ2019 ባንድ ሆኑ። በዚያው ዓመት አምቢጉየስ ዳንስ ካምፓኒ ከሚባለው የዳንስ ቡድን ጋር የነብሩን ዘፈን ለኢንተርኔት ቀረጹት፤ ሰው አበደ። በ2020 "ሱጉንግጋ" የተባለው አልበማቸው ወጣ።

ከዚያ የኮሪያ ቱሪዝም ድርጅት ጠራቸው። በ2020 ክረምት፣ ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤት በቆለፈበት ሰዓት፣ ለሴኡል፣ ለቡሳንና ለጆንጁ ከተሞች ማስታወቂያ ተሠራ። የሴኡሉ የነብሩ ዘፈን ነው። "ኑ ጎብኙን" የሚል የለ፣ የሆቴል ዋጋ የለ። የድሮ ባለ ጠርዝ ጥቁር ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነፅርና ቱታ ያጠለቁ ሰዎች ቤተ መንግሥቱ ፊት፣ ዋሻው ውስጥ፣ ሙዚየሙ ደጃፍ ይጨፍራሉ። ኮስተር ብለው! ማንም መብረር በማይችልበት ዓመት የቱሪዝም ማስታወቂያው በመቶ ሚሊዮኖች ጊዜ ታየ። በ2021 ባንዱ በኮሪያ የሙዚቃ ሽልማት የዓመቱ ሙዚቀኛ ተባለ።

ዳንሰኞቹ የባንዱ አባላት ናቸው?

አይደሉም። ኪም ቦራም የሚባል ኮሪዮግራፈር የመሠረተው ራሱን የቻለ ቡድን ነው። በ2021 ከእንግሊዙ ኮልድፕሌይ ጋርም ሠርተዋል።

ታዲያ ኬ-ፖፕ ናቸው?

በጥብቅ ከተባለ አይደሉም። ኬ-ፖፕ ስንል የምናስበው ኩባንያ የመለመላቸው፣ ለዓመታት የሠለጠኑ ወጣቶች ነው። እነዚህም ለዓመታት ሠልጥነዋል፤ የሠለጠኑት ግን ሽማግሌ መምህር ፊት ተቀምጠው ነው። ራሳቸውን የሚጠሩት "አማራጭ ፖፕ ባንድ" ብለው ነው። እኔም በዚያው ልተወው።

የቢቲኤስ አፍቃሪዎች ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የ2018ቱ "አይዶል" ዘፈናቸው ውስጥ "ኦልሱ ጆታ!" የሚሉት ትዝ ይላችኋል? ያ ከላይ ያወራነው ቹይምሴ ነው። ስንት ጊዜ አብራችሁ ጮኻችኋል!

ባህሉን አላበላሹም?

ይህ ጥያቄ እኛም ሀገር መሰንቆ ከድራም ጋር በተገናኘ ቁጥር ይነሳል። ፓንሶሪን ግን ቀድሞውኑ የቆመ ኩሬ አድርጎ ማሰብ ልክ አይመስለኝም። "ዶኑም" የሚባል ነገር አላቸው። አንድ ታላቅ ዘፋኝ ከመምህሩ የወረሰው ታሪክ ላይ የራሱን ክፍል ይጨምርበታል፣ ወይም አንዱን ክፍል ከሁሉም አስበልጦ የራሱ ያደርገዋል። ተማሪዎቹ በእሱ ስም እየጠሩ ያስተላልፉታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይም አንዱ ዘፋኝ ይዞት የነበረው ታሪክ ለብዙ ተዋናዮች ተከፋፍሎ እንደ ኦፔራ መድረክ ላይ ወጥቷል። እስካሁንም አለ፤ "ቻንግግዩክ" ይባላል። ፓንሶሪው ደግሞ ከጎኑ ቀጥሏል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው ባንዱን ሰምቶ "ፓንሶሪ ሰማሁ" ካለ ተሸውዷል። የአራት ደቂቃ ነብርና የሰዓታት ባሕር አንድ አይደሉም።

ሌላ እንዲህ የሚሠራ አለ?

ሞልቷል። ከኢናልቺ በፊት ጃንግ ራሱ "ሲንግሲንግ" የሚባል ባንድ ውስጥ ነበር፤ ድራመሩ ሊ ቾልሂም አብሮት ነበር። እነሱ የያዙት ፓንሶሪን ሳይሆን የሕዝብ ዘፈኖችን ነው። በ2017 የአሜሪካው ኤንፒአር ሬዲዮ በሚያዘጋጀው "ታይኒ ዴስክ" የሚባል የቪዲዮ ኮንሰርት ላይ ተጫውተዋል፤ ዊጉና ሜክአፑ ብቻውን ይታያል። በ2018 ተበተኑ። "አክ ዳን ግዋንግ ቺል" የጠንቋይ ሥርዓት ዜማዎችን ወደ ድግስ ይቀይራሉ። ጨለማ ሙዚቃ የምትወዱ ደግሞ "ጃምቢናይ"ን ሞክሩ፤ ባህላዊ የኮሪያ መሣሪያዎችንና ኤሌክትሪክ ጊታርን አንድ ላይ ያስጮኻሉ። በ2018 ፕዮንግቻንግ ላይ የክረምት ኦሎምፒክ ሲዘጋ መድረክ ላይ ነበሩ።

ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ የነብሩን ዘፈን ከዳንሰኞቹ ጋር እዩት። ሁለተኛ ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለቱን ቤዞች ለዩ፤ አንዱ መሬቱን ይይዛል፣ ሌላው ይሯሯጣል። ከዚያ ያንኑ ክፍል በአንድ ዘፋኝና በአንድ ከበሮ ፈልጋችሁ ስሙት፤ ስሙን በኮሪያኛ ስትጽፉ ብዙ ይመጣላችኋል። አሥር ምቱን በጣታችሁ ቁጠሩ። መጀመሪያ ይጠፋባችኋል።

"ኦልሲጉ" የምለው መቼ ነው?

ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲስብ፣ እዚያች ክፍተት ላይ። መሀል ከገባችሁ ትረብሹታላችሁ። ካልተማመናችሁ ከበሮ መቺውን ጠብቁ፤ እሱ ሲል በሉ። አጎቴ ግን አሁን "ይበል!" ነው የሚለው። ጊዜውን አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።